«አልቅሶ የሞተ አለ?»

በኢትዮጵያ ከ1,000 ጨቅላ ሕፃናት ስንቱ ወር ሳይሞላቸው እንደሚሞቱ የሚናገር ቁጥር በየሪፖርቱ አይታችሁ ይሆናል። ቁጥሩ ከየት እንደሚመጣ ግን ጠይቃችሁ ታውቃላችሁ? ከሆስፒታል መዝገብ እንዳይመስላችሁ። የልደትና የሞት ምዝገባ በአገር ደረጃ የተጀመረው በ2008 ዓ.ም. መጨረሻ ነው። ከዚያ በፊት የነበረውን የምናውቀው አንዲት መጠይቅ የያዘች ወጣት የአንዲትን እናት ደጅ አንኳኩታ ስለጠየቀች ነው።

በ1982 የቤተሰብና የወሊድ ጥናት ተካሂዶ ነበር። የመጀመሪያው የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት የተደረገው ግን በ1992 ሲሆን፣ ማዕከላዊ ስታቲስቲክስ 15,367 ሴቶችን አነጋገረ። ከዚያ 1997፣ 2003፣ 2008 ተከተሉ። የ1997ቱ እስከ ነሐሴ ስለዘለቀ ክረምት ገብቶበታል። የጉናን ሥር ጭቃ የሚያውቅ ያውቀዋል! በ2008ቱ ወረቀቱ ቀርቶ ታብሌት መጣ፤ በ645 የቆጠራ ቦታዎች፣ በእያንዳንዱ 28 ቤት ተመረጠ።

እኔ በእነዚህ አልሠራሁም። የሠራሁት በ2004፣ መጠይቁ ከእነሱ በተቀዳ አንድ አነስ ያለ ዳሰሳ ላይ ነው፤ ላይ ጋይንት፣ ስማዳና እስቴ። ሴትን የምትጠይቅ ሴት ናት፣ ሕጉ ነው።

ሥልጠናው ላይ መጀመሪያ የገረመኝ «ስንት ልጅ ወልደዋል?» ብለን በቀጥታ አለመጠየቃችን ነው። አብሮዎት የሚኖር ወንድ ልጅ ስንት ነው? ሴትስ? ሌላ ቦታ የሚኖርስ? (ጋይንት ላይ ይሄ ጥያቄ ትልቅ ነው። አንዱ ለቆሎ ትምህርት ቤተልሔም ወርዷል፣ ሌላው ለሰሊጥ ሥራ መተማ ነው።) ከዚያ የሞተ አለ ወይ ይባላል። «የለም» ካለች ደግሞ አንድ ዓረፍተ ነገር ይጨመራል፤ ተወልዶ ያለቀሰ ወይም የሕይወት ምልክት አሳይቶ የሞተ ልጅስ? አሠልጣኛችን ይህቺን ጥያቄ ስናነብ ፈጠን ካልን «ድገሚው» ትለን ነበር። አንዷን ልጅ ሰባት ጊዜ አስደግማታለች። እኛም በሆዳችን እናማታለን።

ለምን እንደሆነ የገባኝ ስማዳ ላይ ነው። ወንድ ልጅ በ40 ቀን፣ ሴት በ80 ቀን ክርስትና ይነሳል። ስሙ የሚጸናው ያኔ ነው። የጥናቱ የጨቅላ ሞት ደግሞ የመጀመሪያው አንድ ወር ነው። ስለዚህ በዚያ ወር የሚሞተው ሕፃን አብዛኛውን ጊዜ ክርስትና ሳይነሳ ነው የሚሄደው፤ ሲቆጠሩም እናቱ አትጠራውም። ደብቃ አይደለም። በእሷ አቆጣጠር ገና ልጅ ሳይባል ነው የሄደው።

አንዲት እናት «አምስት ወለድሁ፣ አምስቱም አሉ» አለችኝ። ልታለብ የምትሄድበት ሰዓት ደርሶ እያየችኝ ነው፤ እኔም ማታ የምንመለስበት መንገድ እያሳሰበኝ ነበር። ያቺን ጥያቄ ልዝለላት አልዝለላት ስል ቆየሁና ቀስ ብዬ አነበብኳት። ዝም አለች። እሳቱን ቆሰቆሰች።

«እሱማ ክርስትና ሳይነሳ ነው የሄደው። ምን ብዬ ልጥራው?»

መጠይቁ ላይ የእያንዳንዱ ልጅ ስም ይጻፋል። ስም ለሌለው «ሕፃን» ብላችሁ ጻፉ ተብለናል። ሕፃን፣ ወንድ፣ ዘጠኝ ቀን። እስክሪብቶዬን ስታይ ቆይታ «ጻፍሽው?» አለችኝ። ጻፍኩት አልኳት። ደግማ ምንም አላለችም።

በ1992ቱ ጥናት ከ1,000 በሕይወት ከተወለዱት 49ኙ፣ በ2008ቱ 29ኙ ወር ሳይሞላቸው ሞተዋል። በ2008ቱ፣ የ10 ዓመት አማካይ ሲወሰድ፣ የአማራ ክልል 47 ነበር፤ ከክልሎች ሁሉ ከፍተኛው። ይህ ቁጥር የቆመው «ሕፃን» ተብለው በተጻፉ መስመሮች ላይ ነው። ጠያቂዋ ስትቸኩል ቁጥሩ ዝቅ ይላል፤ በወረቀት ላይ ጤናችን ይሻሻላል። የጤና ዕቅድ የሚወጣው ደግሞ ያንኑ ወረቀት ጭምር ተመልክቶ ነው።

ሌላው ጣጣ ቀን ነው። ከተሜው «ገጠር ቀን አያውቁም» ይላል። ውሸት ነው። የኅዳር ሚካኤል ማግስት፣ በዘመነ ሉቃስ ከተባልኩ ኅዳር 13 ነው፤ ዓመቱ 1999 ወይም 2003። የአንድ ዓመትና የአምስት ዓመት ልጅ ደግሞ በዓይን ይለያል። ወንጌላውያኑ በአራት ዓመት ስለሚዞሩ ከብዙ የከተማ ሰው መልስ ይሻላል። የሚቸገረው ባሕረ ሐሳብ የማያውቅ ጠያቂ ነው።

የእኔን ጉድ ልንገራችሁ። ከመስከረም 2000 ወዲህ ለተወለደ ልጅ ስለ ክትባቱ፣ ስለ ተቅማጡ፣ ስለ ጡቱ ገጽ ሙሉ ይጠየቃል። ከዚያ በፊት ከሆነ ይዘለላል። እስቴ ላይ፣ መሽቶብኝ፣ ደክሞኝ፣ አንዱን ልጅ ነሐሴ 1999 ብዬ ጻፍኩት። በቃ፣ ገጾቹ ቀሩልኝ። ይህ ማታለያ በዓለም ዙሪያ በእንዲህ ያሉ ጥናቶች የታወቀ ነው፤ የተወለዱት ልጆች ከመስመሩ ወዲህ ሳስተው ከመስመሩ ወዲያ ይከማቻሉ። ለዚህም ነው ተቆጣጣሪ አንዳንድ ቤት ተመልሶ የሚጠይቀው።

የእኔ ተቆጣጣሪ የተመለሰው እዚያው ቤት ነበር። ምንም ሳይናገር መጠይቁን ሰጠኝ። በማግስቱ የሁለት ሰዓት መንገድ በእግሬ ሄድኩ። እናትየው ቡና እያፈላች ነበር፤ ልጁ ጭኗ ላይ ተቀምጧል። የልደቱን ቀን እንደ አዲስ ጠየቅኋት።

«በሚሌኒየሙ መስቀል ማግስት፤ ዮሐንስ እንደገባ። ትናንትም ይሄንኑ ነው ያልኩሽ» አለችኝና የክትባት ካርዱን ከላስቲክ አውጥታ ዘረጋችልኝ። «ደሞ ትናንት ይሄን ለምን አልጠየቅሽኝም?»