የቀለበት ዘንበልታ

ሳተርንን በ2017 በቴሌስኮፕ ያየ፣ በ2025 መጨረሻም ደግሞ ያያት ሰው ሁለት የተለያዩ ፕላኔቶች አየሁ ቢል አይፈረድበትም (ዓመቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። በመጀመሪያው ቀለበቷ ሰፊ ሆኖ ተከፍቶ ነበር፤ በሁለተኛው ቀጭን መስመር ብቻ ቀረ። ቀለበቱ ወደ እኛ ምን ያህል እንዳዘነበለ የሚነግረንን ይህን አንግል "የቀለበት ዘንበልታ" ብንለው ይሻላል። "ዝንባሌ" ቅርብ ነበር፤ ግን የሙዚቃ ዝንባሌ፣ የተማሪ ዝንባሌ እያልን ለሌላ ነገር ሰጥተነዋል። ዘንበልታው ዜሮ የሚሆንበት ቅጽበት ደግሞ "ጠለል ማቋረጥ" ይባል፤ ምድር የቀለበቱን ጠለል አቋርጣ ከአንዱ ፊት ወደ ሌላው የምታልፈው ያኔ ነውና።

ቀለበቱ ራሱ አይወዛወዝም። የሳተርን ዘንግ 26.7 ዲግሪ ያህል አዘንብሏል፤ ፀሐይን በ29.5 ዓመት ስትዞርም ወደ አንድ አቅጣጫ እንዳመለከተ ይኖራል። ስለዚህ አንድ ጊዜ ሰሜናዊውን ፊት፣ ሌላ ጊዜ ደቡባዊውን እናያለን፤ በመካከሉ ሁለት ጊዜ፣ ሰፌድ በዓይን ትይዩ አግድም እንደተያዘ፣ ጠርዙ ብቻ ይቀራል። ዋናው ቀለበት ከዳር እስከ ዳር 270 ሺህ ኪሎ ሜትር ያህል ይሰፋል፤ ውፍረቱ ግን በአብዛኛው በአሥር ሜትሮች የሚቆጠር ስለሆነ ከዓይን ይሰወራል። ጋሊሌዮ በ1610 ያየው ነገር በ1612 ሲጠፋበት ግራ የተጋባው በዚህ ነበር። ቀለበት መሆኑን ያስረዳው የሥነ ፈለክ ተመራማሪው ሆይገንስ ሲሆን፣ መጽሐፉን በ1659 አሳተመ።

የቅርቡ ጠለል ማቋረጥ ማርች 23 ቀን 2025 ነበር። ሳተርን ያኔ ከምድር ስትታይ ለፀሐይ እጅግ ስለቀረበች ማየቱ አልተቻለም። በኖቬምበር ግን ምድር በራሷ ጉዞ ምክንያት ወደ ጠለሉ ተመልሳ ቀረበች፤ ዘንበልታውም ወደ 0.4 ዲግሪ ወረደ። ሳተርን ደግሞ በምሽት ሰማይ ላይ ነበረች። እኔ ከማርቹ ይልቅ የኖቬምበሩን እመርጣለሁ።

በእስራኤል፣ በአሽዶድ ከተማ ለሚኖር አማርኛ ተናጋሪ ፕላኔቷ በዕብራይስጥ ሻብታይ ናት፤ ስሟ ከሰንበት ስም ጋር ሥሩ አንድ ነው። በቆዩ የኢትዮጵያ መጻሕፍት ደግሞ ዙሐል ትባላለች። የከተማው መብራት ከዋክብቱን ቢያደበዝዝም ሳተርንን አይሸፍናትም፤ 25 ጊዜ የሚያጎላ ትንሽ ቴሌስኮፕ በባሕሩ ዳርቻ ላይ ቀለበቷን ያሳያል። ቴሌስኮፕ የሌለውም ከናካቴው አይቀርበትም። ቀለበቱ በረዶ ስለሆነ የፀሐይን ብርሃን አጥብቆ ይመልሳል፤ በሰፊው በተከፈተባቸው ዓመታት ሳተርን ለባዶ ዓይን በግልጽ ትደምቃለች፣ ጠርዙ ብቻ በሚታይባቸው ደግሞ ትፈዛለች።

አሁን የሚገለጠው ደቡባዊው ፊት ነው፤ ሰፍቶ የሚታየው በ2032 ገደማ ይሆናል። ቀጣዩ ጠለል ማቋረጥ ሦስት ጊዜ ተደጋግሞ ይመጣል፦ በኦክቶበር 2038፣ ከዚያም በኤፕሪልና በጁላይ 2039። ለማየት የሚመቸው የኤፕሪሉ ነው፤ ሳተርን ያን ጊዜ አብዛኛውን ሌሊት ሰማይ ላይ ናት።