ልኬቱ ከሚዛን ቤት ይጀምራል፦ የወንጂ የማሳ መዝገብና የፒየር ሮበርት መከራከሪያ

የፕሪሲዥን ግብርና (በማሳ ውስጥ ያለውን ልዩነት እየለኩ ግብዓትን በየቦታው የመመጠን አሠራር) ታሪክ ሲጻፍ መነሻው ዘወትር ሚኒያፖሊስ ይሆናል። የሚኒሶታ ዩኒቨርሲቲው የአፈር ተመራማሪ ፒየር ሮበርትና ባልደረቦቹ በ1992 (ዓመታቱ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) በዚህች ከተማ የጠሩት ዐውደ ጥናት የዘርፉ ዓለም አቀፍ ጉባኤዎች የመጀመሪያው ሆኖ ይቆጠራል። ከተማዋ ለእርሻ መሣሪያ ባዕድ አይደለችም። ዛሬ ሱቅና መደብር በሞላበት፣ ሌክ ስትሪት ከሂያዋታ ጎዳና ጋር በሚገናኝበት አካባቢ፣ የሚኒያፖሊስ ሞሊን የትራክተር ፋብሪካ እስከ 1972 ድረስ ይሠራ ነበር። ትራክተሩ ሰፊውን ማሳ በአንድ ዓይነት አሠራር ማረስን አቀለለ። ሮበርትና መሰሎቹ በማሽኑ ላይ ኮምፒውተርና የሳተላይት መቀበያ ጭነው፣ በማሳው ውስጥ ያለውን ልዩነት እንደገና ለማየት ተነሡ።

ከዚህ ታሪክ አብዛኛው ጋር ክርክር የለኝም። መነሻውን በተመለከተ ግን ሊንስሌይና ባወር የተባሉ የኢሊኖይ ተመራማሪዎች ገና በ1929 የአፈርን አሲዳማነት በካርታ እያሳዩ ኖራን በየቦታው መመጠን እንደሚቻል መጻፋቸውን ማስታወስ ይበቃል። ክርክሬ ሮበርት በ2002 «ፕላንት ኤንድ ሶይል» በተባለው መጽሔት ካሰፈረው የእንቅፋቶች ዝርዝር ጋር ነው። ከግብርና ሙያ እንቅፋቶች መካከል የመሠረታዊ መረጃ እጥረትን ይጠቅሳል። ለበቆሎና ለስንዴ ይህ እውነት ነው። ለሸንኮራ አገዳ ግን አይሠራም፤ ሮበርትን ተከትለው ስለ አገዳ የሚጽፉም ስሕተቱን ሳይመረምሩ ተቀብለውታል።

ምክንያቱ ቀላል ነው። የእህል አምራች ምርቱን በጎተራ ቀላቅሎ ስለሚያከማች የትኛው ማሳ ምን ያህል እንደሰጠ በቀላሉ አያውቅም። ስለዚህ በኮምባይነሩ ላይ የእህሉን ፍሰት የሚለካ መሣሪያ ያስፈልገዋል። አውስትራሊያውያን በ1990ዎቹ፣ ብራዚላውያኑ ማጋልያይስና ቼሪ ደግሞ በ2007 ባሳተሙት ጥናት ይህንኑ ሐሳብ ወደ አገዳ አሻግረውታል። ብራዚላውያኑ የተከታተፈውን አገዳ በማጨጃው ማጓጓዣ ላይ በተገጠመ ሚዛን መዝነዋል። ሥራው የሚደነቅ ነው፤ ሆኖም አገዳው በማሽን መታጨድ አለበት። በወንጂ አገዳው ተቃጥሎ በእጅ ይቆረጣል፤ መሣሪያውን የሚሸከም ማሽን የለም።

የወንጂ እስቴት ግን ሌላ ሀብት አለው። ኤች ቪ ኤ የተባለው የሆላንድ ኩባንያ በ1954 ፋብሪካውን ሥራ ካስጀመረ ወዲህ አገዳ ከየማሳው በተሳቢ ተጭኖ፣ ፋብሪካ ሲደርስ ተመዝኖ ይገባል። የክብደቱ ቁጥር ከማሳው ስፋት፣ ከዝርያው (ኤንኮ 334 ይሁን ቢ 52-298)፣ ከራቱኑ (ከተቆረጠ በኋላ ዳግም ከሚያቆጠቁጠው አገዳ) ተራና ከአገዳው ዕድሜ ጋር ሲገጣጠም የምርት ልኬት ሆነ ማለት ነው። የ14 ወር አገዳን ከ22 ወር አገዳ ጋር በቶን ብቻ ማወዳደር ስለሚያሳስት፣ ምርቱ በሄክታርና በወር ይሰላል። በመተሐራ የስኳር እስቴት ደግሞ የበሰቃ ሐይቅ እየሰፋ የከርሰ ምድር ውኃና ጨው ወደ አገዳው ሲገፋ፣ የትኛው ማሳ በየትኛው ዓመት መዳከም እንደጀመረ ለመለየት እንዲህ ካለው ተከታታይ ቁጥር የተሻለ ምስክር አይገኝም። ከሳተላይት የሚገኘው የቅጠል ልምላሜ ምስልም ትርጉም የሚያገኘው በሚዛን ከተረጋገጠ ምርት ጋር ሲነጻጸር ነው።

የሚኒሶታ የራሷ ልምድ ይህንኑ ይደግፋል። በሬድ ሪቨር ሸለቆ ለስኳር የሚመረተው ሹገር ቢት፣ ከቀይ ሥር ወገን የሆነው ሰብል፣ ናይትሮጅን ሲበዛበት ስኳሩ ይቀንሳል። አምራቾቹ በ1990ዎቹ አፈሩን በየካሬው እየከፋፈሉ ናይትሬቱን ማስመርመር የጀመሩት ጥራቱ ከሚያገኙት ክፍያ ጋር በቀጥታ ስለተሳሰረ ነው። የሳባቸው የፋብሪካው ሚዛንና የስኳር ምርመራው እንጂ በማጨጃ ላይ የተገጠመ መለኪያ አልነበረም።

የማሳ አማካይ በማሳው ውስጥ ያለውን ልዩነት ይሸፍናል የሚል ተቃውሞ ይነሣል። ይሸፍናል። ነገር ግን ውኃ በትልም በሚለቀቅበት፣ ማዳበሪያም ለማሳው በአንድ መጠን በሚበተንበት እስቴት፣ ከማሳ በታች ያለ ዝርዝር ውሳኔውን አይለውጥም። መዝገቡ ስሕተት አለበት የሚለውም ሚዛን አልባ ለመሆን ምክንያት አይሆንም፤ ስሕተት ያለበት መዝገብ ይታረማል። በርግጥ ድምዳሜው በየእስቴቱ መፈተሽ አለበት።

ስለዚህ ለስኳር ልማቱ ኃላፊዎችና ለተመራማሪዎቻችን ጥያቄዬ ይኸው ነው፦ አንድም የምርት መለኪያ መሣሪያ ከመገዛቱ በፊት የወንጂ፣ የመተሐራና የፊንጫ የማሳ መዛግብት ወደ ኮምፒውተር ይግቡ፤ እያንዳንዱ ማሳ በካርታ ላይ ይቀመጥ፤ መረጃውም ለጥናት ክፍት ይሁን።