ማዕረግ በቲኬት

አማርኛችን ለባቡር፣ ለመርከብና ለአውሮፕላን መቀመጫ የሰጠው ስም ሁልጊዜ ይገርመኛል። ፈረንጅ «ክላስ» ብሎ የሚያልፈውን እኛ «ማዕረግ» አልነው። ማዕረግ ደግሞ በአገራችን ቀላል ቃል አይደለም። ደጃዝማችነት ማዕረግ ነው፤ ሊቀ ሊቃውንትነት ማዕረግ ነው፤ መነኩሴው በጾምና በጸሎት ደረጃ በደረጃ የሚወጣው የቅድስና መሰላልም ማዕረግ ይባላል። በዚህ ሁሉ ውስጥ ማዕረግ ወይ ከላይ ይሰጣል፣ ወይ በድካም ይገኛል እንጂ አይሸመትም። ባቡር ሲመጣ ግን ማዕረግ በጣቢያ መስኮት በኩል፣ በጥሬ ገንዘብ ይሸጥ ጀመር።

የምድር ባቡሩ ሐዲድ ከጅቡቲ ተነሥቶ ድሬዳዋ የደረሰው በ1902፣ አዲስ አበባ የገባው በ1917 ነው (በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ዓመቶች ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው)። ፉርጎዎቹ አንደኛ፣ ሁለተኛና ሦስተኛ ማዕረግ ተብለው የተከፈሉ ነበሩ። አከፋፈሉ የተቀዳው ከአውሮፓ ነው። በዚያ የመጀመሪያዎቹ የሦስተኛ ማዕረግ ፉርጎዎች ብዙዎቹ ጣራ አልነበራቸውም፤ ዝናብ ከላይ፣ የከሰል ጢስ ከፊት እየወረደ ድሃው ይጓዝ ነበር። እንግሊዝ አገር በ1844 በወጣ ሕግ ነው የሦስተኛ ማዕረግ መንገደኛ መቀመጫና ከዝናብ መጠለያ እንዲያገኝ ኩባንያዎቹ የተገደዱት።

ለመሆኑ ጣራ መሥራት ይህን ያህል ውድ ነበርን? ዡል ዱፒዊ የተባለው ፈረንሳዊ መሐንዲስ በ1849 ለዚህ ጥያቄ የሰጠው መልስ ዛሬም ይሠራል። እሱ እንደሚለው ኩባንያው ጣራውን የሚያስቀረው ገንዘቡ አንሶት ወይም ድሃውን ጠልቶ አይደለም፤ ለሁለተኛ ማዕረግ መክፈል የሚችለው ሰው ገንዘቡን ለማዳን ብሎ ወደ ሦስተኛው እንዳይወርድ ለማስፈራራት ነው። ድሃው የሚመታው ባለገንዘቡ አይቶ እንዲፈራ ነው ማለት ነው። ይህን ሐሳብ አንባቢ ይያዝልኝ፤ ኋላ እንመለስበታለን።

አሁን ወደ አየር እንውጣ። የረጅም ርቀት የአየር ጉዞ ሲጀመር አንደኛ ማዕረግ የሚባል ነገር አልነበረም፤ ወይም ሁሉም አንደኛ ማዕረግ ነበር ማለት ይቻላል። በ1930ዎቹ መጨረሻ የእንግሊዙ ኢምፔሪያል ኤርዌይስ በውሃ ላይ በሚያርፉ አውሮፕላኖቹ ከሳውዝሃምፕተን ተነሥቶ፣ በእስክንድርያና በካይሮ በኩል ዓባይን ተከትሎ፣ ካርቱምንና ማላካልን ረግጦ ወደ ደቡብ አፍሪካ ይበር ነበር። መንገደኞቹ ከሃያ አራት አይበልጡም። ቀን ይበራሉ፤ ሌሊት በሆቴል ያድራሉ። በአውሮፕላኑ ውስጥም ቆመው በመስኮት ወንዙን የሚያዩበት ሰፊ ክፍል ነበራቸው። የአሜሪካው ፓን አሜሪካን ደግሞ በ1939 ቦይንግ 314 በተባለው በራሪ ጀልባው መንገደኛ ጭኖ አትላንቲክን መሻገር ጀመረ። ነጭ ጨርቅ የለበሰ የምግብ ጠረጴዛ፣ የተነጠፈ አልጋ፣ በጭራው በኩል ለሙሽሮች የሚሆን የግል ክፍል ነበረው። ፍጥነቱ በሰዓት 300 ኪሎ ሜትር ገደማ ሲሆን፣ የደርሶ መልስ ዋጋው 675 ዶላር ነበር። ይህ በዚያ ዘመን ለአንድ ተራ አሜሪካዊ ሠራተኛ የወራት ደመወዝ ነው። ዋጋው ራሱ አጥር ስለ ነበረ በአውሮፕላኑ ውስጥ መጋረጃ መስቀል አላስፈለገም።

በእኛ አገር ደግሞ መጋረጃ ያልነበረው በተቃራኒው ምክንያት ነው። የኢትዮጵያ አየር መንገድ ኤፕሪል 8 ቀን 1946 በአሥመራ በኩል ወደ ካይሮ የመጀመሪያ መደበኛ በረራውን ሲያደርግ የተጠቀመው ለጦርነት በተሠራ የዳግላስ አውሮፕላን ነበር። መቀመጫው በግራና በቀኝ ግድግዳውን ተከትሎ የተዘረጋ አግዳሚ ነው፤ በመሃል ጭነቱ ይቀመጣል። ባለሥልጣኑም ነጋዴውም ጭነቱን ከመሃል አድርገው ፊት ለፊት እየተያዩ ይበራሉ። ማዕረግ ያለው ሰው ማዕረጉን ከቤቱ ይዞ ይሳፈራል እንጂ ከአውሮፕላኑ አያገኝም።

የአየር አንደኛ ማዕረግ መቼ ተወለደ ለሚል ሰው የምጠቁመው ቀን ሜይ 1 ቀን 1952 ነው። በዚያ ቀን የዓለም አየር መንገዶች በማኅበራቸው በአያታ በኩል ተስማምተው በሰሜን አትላንቲክ መሥመር የ«ቱሪስት» ማዕረግ አስጀመሩ። ከኒው ዮርክ ለንደን ደርሶ መልስ 711 ዶላር የነበረው ለቱሪስቱ 486 ሆነ። መቀመጫው ተጠጋጋ፤ ምግቡ ቀለለ። በቀድሞው መቀመጫ ላይ ግን በዚያ ቀን ምንም አልተጨመረበትም። ሶፋው ያው ሶፋ፣ መጠጡም ያው መጠጥ ነው። ሆኖም ከዚያ ቀን ጀምሮ «አንደኛ» ተባለ፤ ሁለተኛ ሳይኖር አንደኛ የለምና።

በ1958 ደግሞ ከቱሪስትም የረከሰ «ኢኮኖሚ» የሚባል ማዕረግ መጣ። የአያታ ደንብ ለኢኮኖሚ መንገደኛ ትኩስ ምግብ ከለከለና ሳንድዊች ብቻ ይሰጠው አለ። የስካንዲኔቪያ አየር መንገድ በአገሩ ወግ በአንድ ቁራሽ ዳቦ ላይ ሥጋውን፣ ዓሣውንና አትክልቱን ከምሮ ያቀርብ ጀመር። ተፎካካሪዎቹ «ይህ ሳንድዊች አይደለም፣ ግብዣ ነው» ብለው ከሰሱት። ጉዳዩ «የሳንድዊች ጦርነት» ተብሎ የጋዜጦች መሳቂያ ሆነ። መጨረሻ ላይ ማኅበሩ የኢኮኖሚ ሳንድዊች ተራና ርካሽ እንዲሆን፣ ዳቦውም ከሥጋው ሥር ተሸፍኖ እንዳይቀር ወሰነ። አንባቢ ልብ ይበል፦ የተከሰሰው ኩባንያ ለድሃው አሳንሶ ሳይሆን አብዝቶ በማብላቱ ነው። መቶ ዓመት ያለፈው የዱፒዊ ጣራ አልባ ፉርጎ በአየር ላይ ታየ።

ከዚያ ወዲህ ያለው ታሪክ በአጭሩ ሲነገር የማሳደድ ታሪክ ነው። በጃንዋሪ 1970 ቦይንግ 747 ሲመጣ ባለ አንደኛዎቹ በጠመዝማዛ ደረጃ የሚወጡበት ሳሎን ፎቅ ላይ ተሠራላቸው። በ1976 ሥራ የጀመረው ኮንኮርድ መቶ መቀመጫ ብቻ፣ ያውም ጠባብ መቀመጫ ነበረው፤ የሚሸጠው ሰዓት እንጂ ስፋት አልነበረምና እስከ 2003 ድረስ ማዕረግ ሳይለይ በረረ። በ1978 እና በ1979 በሁለቱ መካከል «ቢዝነስ» የሚባለው ተፈጠረ። በ1990ዎቹ አጋማሽ የእንግሊዝ አየር መንገድ በአንደኛ ማዕረግ ተዘርግቶ አልጋ የሚሆን ወንበር አስገባ፤ በ2000 ያንኑ ለቢዝነስ ሰጠ። ሁለተኛው ከደረሰበት አንደኛው መሸሽ አለበት። በ2007 የሲንጋፖር አየር መንገድ በር ያለው ክፍል፣ በ2008 የዱባዩ ኤምሬትስ የገላ መታጠቢያ ሻወር ይዘው መጡ።

ይህን ሁሉ በንባብ አውቀው ነበር። በአካል ያየሁት ግን ከጥቂት ዓመታት በፊት፣ አሜሪካ የሚኖረው ወንድሜ ለልጁ ሠርግ ሲጠራኝ ነው። በሥራው ብዙ ስለሚበር ያጠራቀመውን ነጥብ አውጥቶ ቲኬቱን ላከልኝ። ከአዲስ አበባ እስከ ባሕረ ሰላጤው ከተማ ያለው የአራት ሰዓት መንገድ ከኋላ፤ ከዚያ እስከ ዋሽንግተን ያለው የአሥራ አራት ሰዓት መንገድ በአንደኛ ማዕረግ ነበር።

በመጀመሪያው በረራ ላይ ከቀኜም ከግራዬም የተቀመጡት ለቤት ሠራተኛነት የሚሄዱ ልጃገረዶች ናቸው። ሰነዳቸውን በፕላስቲክ ከረጢት አድርገው ደረታቸው ላይ ይዘውታል። አጠገቤ የነበረችው ቀበቶዋን አሰርኩላት። ሆስተሷ ውሃ ይዛ ስትመጣ ልጅቱ ወደ ጆሮዬ ጠጋ ብላ፣ «ጋሼ፣ ውሃው በገንዘብ ነው?» አለችኝ። «የለም፣ በነጻ ነው» አልኳት። «እንዲያ ከሆነ ሁለት ይበሉልኝ» አለችና ሁለቱንም ብርጭቆ ጭልጥ አደረገቻቸው።

በሁለተኛው በረራ የተሰጠኝ መቀመጫ ክፍል ነው ቢባል ይሻላል። የሚዘጋ በር አለው። ፒጃማና ነጠላ ጫማ ተሰጠኝ። አስተናጋጇ በአባቴ ስም እየጠራች ምን ሰዓት መብላት እንደምፈልግ ጠየቀችኝ፤ ያመጣችውን ምግብ በሸክላ ሳሕን፣ በነጭ ጨርቅ ላይ ደረደረችው። ስተኛ ፍራሽ አነጠፈችልኝ። ምቾቱ ሐሰት አይደለም፤ ጀርባ የሚያመው ሰው ይህን አይቶ ምን ያደርጋል ሊል አይችልም። እኔን የገረመኝ ግን ከምግቡና ከአልጋው ይልቅ ጸጥታው ነበር። በዙሪያዬ ካሉት ክፍሎች ግማሹ ባዶ ነው። የሚሸጠው ዋና ዕቃ የሌላ ሰው አለመኖር መሆኑ ገባኝ።

እኩለ ሌሊት ላይ እግሬን ለማፍታታት መጋረጃውን ገልጬ ወደ ኋላ ሄድኩ። የሚከለክለኝ አልነበረም። ሰው ሁሉ አፉን ከፍቶ፣ አንገቱን ጥሎ ተኝቷል፤ አንዲት ሐበሻ እናት ሕፃኗን ወንበሯ ላይ አጋድማ እሷ ቆማለች። ስመለስ አንድ ወጣት በእኔው መንገድ ወደ ፊት ሊያልፍ ሲል አስተናጋጁ በትሕትና መለሰው። መጋረጃው ለአንድ ወገን ብቻ በር ነው።

መጋረጃ ለእኛ አገር ሰው እንግዳ አይደለም። በዐፄ ምኒልክ ግብር ንጉሠ ነገሥቱ ከመኳንንቱ ጋር በመጋረጃ ተከልለው ይመገቡ ነበር፤ ከዚያ በኋላ መጋረጃው ይገለጥና ጭፍራው በየተራ ይገባል። ጠጁም እንጀራውም እንደ ማዕረጉ ይለያይ ነበር። ይህን የማነሣው ያለፈውን ለማሞገስ አይደለም፤ የግብሩን እህል ያመረተው ገባር ከአዳራሹ ውጭ እንደ ነበረ እናውቃለን። ልዩነቱ ግን በዚያ አዳራሽ መጋረጃው በሰዓቱ ይገለጥ ነበር፤ በአውሮፕላኑ ውስጥ የሚገለጠው ሁሉም ሲወርድ ነው።

ፊት የተቀመጠው ብዙ ባይከፍል የኋለኛው ቲኬት ይወደድ ነበር የሚሉ አሉ። እውነትነት አለው፤ አየር መንገዶች ከፊት የሚያገኙት ገቢ ከመቀመጫዎቹ ቁጥር ጋር አይመጣጠንም። ሆኖም ሐሳቡ ግማሽ መንገድ ሄዶ ይቆማል። በ1970ዎቹ በኢኮኖሚ ክፍል ከወንበር ወንበር ያለው ርቀት 86 ሳንቲሜትር ገደማ ነበር፤ ዛሬ በብዙ አየር መንገዶች 79 ገደማ ነው። የፊተኛው ሲሰፋ የኋለኛው የጠበበው ቦታ ስላነሰ ብቻ አይደለም። ጉልበቱ ያልተነካ ሰው ለፊተኛው ለመክፈል ምክንያት የለውም።

ዋሽንግተን ስንደርስ ከሁሉ በፊት የወረድነው እኛ ነን። ፓስፖርት መመርመሪያው ግን የቲኬት ማዕረግ አያውቅም። እዚያ ሰልፉ የሚለየው በፓስፖርት ነው። ሌሊቱን ቆማ ያደረችው እናት ሕፃኗን ታቅፋ፣ በሰማያዊው የአሜሪካ ፓስፖርቷ ቀድማኝ ስታልፍ አየኋት፤ እኔ የውጭ አገር ዜጎች ሰልፍ ላይ ከአንድ ሰዓት በላይ ቆምኩ። አሥራ አራት ሰዓት የቆየው ማዕረጌ አውሮፕላኑ በር ላይ ቀርቷል።

ዛሬ አንደኛ ማዕረግ ራሱ እየመነመነ ነው። ቢዝነሱ አልጋ ካገኘ ወዲህ ብዙ አየር መንገዶች አንደኛውን ከብዙ አውሮፕላኖቻቸው አውጥተውታል። የእኛው የኢትዮጵያ አየር መንገድም «ክላውድ ናይን» የሚለው ቢዝነስና ኢኮኖሚ እንጂ አንደኛ ማዕረግ የለውም። በዚህ ደስ የሚለው ሰው ካለ ግን ትንሽ ይቆይ። ወደ ኋላ ዞር ብለን ስንመለከት ኢኮኖሚው ራሱ እንደገና እየተቆራረሰ ነው። አንዱ ቲኬት ሻንጣ ያስይዛል፣ ሌላው አያስይዝም፤ ወንበር ለመምረጥ፣ ቤተሰብ አጠገብ ለአጠገብ ለመቀመጥ ለብቻው የሚያስከፍሉ አሉ። ርካሽ በሚባሉት የአውሮፓ አየር መንገዶች ደግሞ ውሃ በእርግጥ በገንዘብ ነው። ያቺ ልጅ የጠየቀችው የየዋህ ጥያቄ አልነበረም። አንደኛው ማዕረግ ስሙን ቀየረ እንጂ አልሞተም፤ የሦስተኛው ጣራ ግን ዛሬም ቆርቆሮ በቆርቆሮ እየተነሣ ነው።