ጆሮን አጥብቆ የመድፈን ታሪክ፦ ከወረቀት ቱቦ እስከ ጉባ

መጋቢት 24 ቀን 2003 ዓ.ም. በመተከል ዞን በጉባ ወረዳ የታላቁ ህዳሴ ግድብ የመሠረት ድንጋይ ከተቀመጠበት ጊዜ አንስቶ ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ዓ.ም. እስከተመረቀበት ዕለት ድረስ በዚያ ሥፍራ አለት ተሰርስሯል፣ ተፈንድቷል፣ ተፈጭቷል። 145 ሜትር ከፍታ ያለው ዋናው ግድብ ብቻውን ከ10 ሚሊዮን ሜትር ኩብ በላይ ኮንክሪት ወስዷል። ስለ ውኃውና ስለ ኃይሉ ብዙ ተጽፏል፤ ስለ ድምፁ ግን እምብዛም አልተወራም። ግንባታው ቢያበቃም ጉዳዩ አላበቃም፤ በተርባይን አጠገብ ውሎ የሚያድር ባለሙያ ዛሬም ጆሮውን መድፈን ይኖርበታል። የጆሮ መሰኪያ ደግሞ ተሰጠ ማለት ገጠመ ማለት አይደለም።

ይህ ለሐኪም እንግዳ ሐሳብ አይደለም። ሬኔ ላኔክ እ.ኤ.አ. በ1816 በፓሪስ ኔከር ሆስፒታል ወረቀት ጠቅልሎ የአንዲትን ሕመምተኛ ልብ ካዳመጠ በኋላ፣ ኒው ዮርካዊው ሐኪም ጆርጅ ካማን እ.ኤ.አ. በ1852 ለሁለት ጆሮ የሚሆን ማዳመጫ አዘጋጀ። የማዳመጫችን ጫፎች ወደ ፊት የዞሩት የጆሮ ቱቦ ወደ አፍንጫ አቅጣጫ ስለሚያዘነብል ነው። ገልብጦ ያደረገ ተማሪ ልብ ትርታ ያጣል፤ ሁላችንም አንድ ቀን ደርሶብናል። ክፍተት ሲኖር ቀድሞ የሚጠፋው ዝቅተኛው ድምፅ ነው።

የሠራተኛው ጆሮ ታሪክ ግን ከዚህ ይዘገያል። ጣሊያናዊው ሐኪም በርናርዲኖ ራማዚኒ በ18ኛው ክፍለ ዘመን መባቻ መዳብ ቀጥቃጮች እንደሚደነቁሩ ጽፎ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1886 የግላስጎው ሐኪም ቶማስ ባር 100 የቦይለር ሠራተኞችን መርምሮ መስማቱ ጤናማ የሆነ አንድም ሰው አላገኘም። መድኃኒት ቀማሚው ማክስ ኔግቨር እ.ኤ.አ. በ1907 በርሊን ውስጥ ሰምና ጥጥ ቀላቅሎ «ኦሮፓክስ» የተባለውን መሰኪያ ሠራ። የሰሙ ጥቅም ከእያንዳንዱ ሰው ጆሮ ቅርጽ ጋር መስማማቱ ነበር። በ1970ዎቹ መጀመሪያ የአሜሪካዊው ሮስ ጋርድነር ስፖንጅ ወጣ፤ ተጠቅልሎ ይገባል፣ ከዚያ ቀስ ብሎ ያብጣል።

ከዚያ በኋላ ያሳሰበው በካርቶን ላይ የተጻፈው ቁጥር ነው። የአሜሪካው የሥራ ደኅንነት ተቋም ኒዮሽ፣ በቤተ ሙከራ የተለካው የድምፅ ቅነሳ በሥራ ቦታ ስለማይገኝ ለስፖንጅ መሰኪያ በግማሽ፣ ለሌሎች መሰኪያዎች በ70 በመቶ ተቀንሶ እንዲታሰብ መክሯል። ዕቃው አልከፋም፤ ጆሮ ውስጥ በትክክል አልገባም እንጂ።

ከሙዚቃው ዓለምም የምንማረው አለ። እ.ኤ.አ. በ1995 የድምፅ መሐንዲሱ ጄሪ ሃርቪ ለከበሮ መቺው አሌክስ ቫን ሄለን በጆሮው ልክ የተቀረጸ ማዳመጫ ሠራለት። የውጭውን ጩኸት ቱቦው ራሱ ከከለከለው ድምፁን ከፍ ማድረግ አያስፈልግም። በጩኸት መሐል ኤርፎኑ ላላ ያለበት ወጣት ግን ያለማቋረጥ ድምፁን ሲጨምር ይውላል።

በልክ ለመቅረጽ ቀድሞ በኦቶስኮፕ ኩክ መኖር አለመኖሩና ታምቡሩ አለመቀደዱ ይታያል። ከቱቦው ሁለተኛ መታጠፊያ ወዲያ ክር ያለው ጥጥ ወይም ስፖንጅ ይቀመጣል፤ ከዚያ ሲሊኮን ይሞላል። ብዙ ጊዜ የሚዘነጋው መንጋጋ ነው። የቱቦው ውጫዊ ክፍል ለስላሳ አጥንት በመሆኑ አፍ ሲከፈት ይሰፋል፤ ስለዚህ ለዘፋኝ ወይም ለሚያወራ ሰው ቅርጹ አፍ እንደተከፈተ ይነሣል። አፍ ተዘግቶ የተነሣ ቅርጽ ባለቤቱ ሲናገር አየር ያስገባል።

ቅርጽ የሚያነሣ ባለሙያ በሌለበት ጤና ጣቢያ ስፖንጁ ይበቃል። ጤና መኮንኑም ሆነ ነርሷ ማሳየት ይችላሉ፦ በንጹሕ እጅ እንደ ቀጭን ዘንግ ይጠቀለላል፤ ሌላው እጅ ከራስ በላይ ዞሮ ጆሮውን ወደ ላይና ወደ ኋላ ይስባል፤ ይከተታል፤ እስኪያብጥ 30 ሰከንድ ያህል ይያዛል።

ከጥቂት ዓመታት በፊት በአንድ የድንጋይ ካባ ይሠራ የነበረ ጎልማሳ መርምሬ ነበር። በምርመራው 4,000 ኸርዝ ላይ ጉድጓዱ ጎልቶ ታየ። «መሰኪያ ይሰጥዎታል?» አልኩት። «ሁልጊዜ እኮ አደርጋለሁ፣ ዶክተር» ብሎ ከኪሱ አወጣ። እንዲያደርገው ጠየቅሁት፤ ከጆሮው ደጃፍ ላይ እንደ ቡሽ አስቀመጠው፤ ግማሹ ወደ ውጭ ቀረ። ለዓመታት የደከመበት መሰኪያ ለጌጥ ያህል ነበር። ጥፋቱ የእሱ ነው ለማለት አልደፈርኩም፤ ያሳየው አልነበረምና። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 አሠሪው የመከላከያ መሣሪያ እንዲሰጥ ብቻ ሳይሆን ስለ አጠቃቀሙ እንዲያስተምርም ያስገድዳል።

አዲስ ጥንድ ሰጥቼ አብረን ጠቀለልን። በሦስተኛው ሙከራ ገባ። ከአንድ እስከ አስር እንዲቆጥር አዘዝኩት። አራት ላይ ሲደርስ ቆመና በመዳፉ ጉንጩን ነካ።

«ድምፄ ከእንስራ ውስጥ የሚወጣ መሰለኝ» አለ።

«ገጥሟል ማለት ነው» አልኩት። የጠፋውን ግን አልመለሰለትም። የድምፅ ሞገድ ያወደማቸው የኮክሊያ ፀጉራም ሕዋሶች በሰው ላይ ተመልሰው አይበቅሉም። በሚቀጥለው ወር ሁለት የሥራ ጓደኞቹን ይዞ መጣ፤ መርፌ ፈርተው በር ላይ ቆመው ነበር።