ኦራዱር፦ ፍርስራሹ ተጠበቀ፣ ፍርዱ ተሻረ

ፈረንሳይ ውስጥ ከሊሞዥ ከተማ ብዙም ሳይርቅ ያለው አሮጌው የኦራዱር-ሱር-ግላን መንደር ከ80 ዓመታት በላይ ሰው አልኖረበትም። እ.ኤ.አ. ጁን 10 ቀን 1944 «ዳስ ራይሽ» የተባለው የናዚ ኤስ ኤስ ክፍለ ጦር ወታደሮች መንደሩን ከበው ወንዶቹን በየመጋዘኑና በየጋራዡ ረሸኑ፤ ሴቶችንና ሕፃናትን ቤተ ክርስቲያን ውስጥ ዘግተው አቃጠሉ። ከ640 በላይ ሰው አለቀ። ከቤተ ክርስቲያኑ በሕይወት ያመለጡት ማርገሪት ሩፋንሽ ብቻ ነበሩ። ጄኔራል ደ ጎል በ1945 ቦታውን ጎበኙ፤ በ1946 ፍርስራሹ እንዳለ እንዲጠበቅ በሕግ ተደነገገ፤ አዲሱ መንደር አጠገቡ ተሠራ። የዛገ የስፌት መኪናና ወደ ሊሞዥ ይወስድ የነበረው የትራም ሐዲድ ዛሬም ይታያሉ። ይህ ጥበቃ መንግሥት ለሟቾች የከፈለው ዕዳ ተደርጎ ይወሳል። የኋላው ታሪክ ግን ዕዳው በግማሽ ብቻ እንደተከፈለ ያሳያል።

በ1953 ቦርዶ ላይ የተሰየመው ወታደራዊ ፍርድ ቤት በጭፍጨፋው የተከሰሱ 21 ሰዎችን ዳኘ። 14ቱ አልዛስ ከተባለው የፈረንሳይ ክልል የተወለዱ ፈረንሳውያን ሲሆኑ፣ 13ቱ ለጀርመን ጦር በግዳጅ የተመለመሉ ነበሩ። ጥፋተኛ ተብለው ሲፈረድባቸው አልዛስ በቁጣ ተነሣ፤ የፈረንሳይ ምክር ቤትም በቀናት ውስጥ ለግዳጅ ምልምሎቹ ምሕረት አወጀ። ኦራዱር መንግሥት የሰጣትን የክብር ኒሻን መለሰች፤ ምሕረቱን የደገፉትን እንደራሴዎች ስም ፍርስራሹ መግቢያ ላይ ለጠፈች፤ የሟቾቹንም አመድ መንግሥት ባሠራው መቃብር ማሳረፍ እምቢ አለች።

ለምሕረቱ የሚቀርበው መከራከሪያ ቀላል አይደለም። በጦርነቱ ጊዜ አልዛስን ጀርመን ጠቅልላት ነበር፤ ከምልመላ ያመለጠ ሰው ቤተሰቡን ለቅጣት ይዳርግ ነበር፤ ከጦርነት የወጣች አገርም አንድነት ያስፈልጋት ነበር። ነገር ግን ፍርድ ቤቱ ይህንኑ ግዳጅ ሰምቶ ከ13ቱ አንዱንም በሞት አልቀጣም። የምሕረት ሕጉ ማን ምን እንዳደረገ ሳይለይ ሁሉንም በጅምላ ነጻ አወጣ። የክፍለ ጦሩ አዛዥ ጄኔራል ላመርዲንግ ደግሞ ለፈረንሳይ ተላልፎ ሳይሰጥ በ1971 ምዕራብ ጀርመን ውስጥ በነጻነት ሞተ።

«ፍርዱ ቢቀር እንኳ ፍርስራሹ ትውልድ ያስተምራል» የሚልም ይኖራል። ያስተምራል፤ ነገር ግን የዛገ የስፌት መኪና ቤት መቃጠሉን እንጂ ማን እንዳዘዘ፣ ማን እንደተኮሰ፣ ማንስ ምሕረት እንዳገኘ አይናገርም። በ1999 ፍርስራሹ አጠገብ የመታሰቢያ ማዕከል መከፈቱም ግድግዳው ብቻውን እንደማይበቃ ማረጋገጫ ነው። የተቃጠለ መንደርን የሚጠብቅ መንግሥት የገዳዮቹን መዝገብም አብሮ ካልጠበቀ፣ ሐዘኑን ለቱሪስት ትቶ ተጠያቂነቱን ከራሱ ላይ አወረደ ማለት ነው።