ፈረንሣይኛና የስፖርት መድረክ በኢትዮጵያ፤ ታሪካዊ ቅኝትና ለትምህርት ዕቅድ የሚሰጠው ፍሬ ነገር

መግቢያ

የውጭ ቋንቋ በሰሌዳ ላይ ብቻ ተጽፎ የሚቀር ከሆነ፣ ተማሪው ፈተናውን እንዳለፈ ይረሳዋል። ሥራና መሰባሰቢያ ያገኘ ቋንቋ ግን ከክፍል ውጭም ይኖራል። ፈረንሣይኛ በአገራችን ያለፈበት መንገድ ለዚህ ጥሩ ምስክር ነው። የዚህ ጽሑፍ ዓላማ ያንን መንገድ በአጭሩ መቃኘትና በወልቂጤ፣ በቡታጅራና በመሰል ከተሞች ለሚያስተምሩ መምህራን እንዲሁም ለትምህርት ዕቅድ አውጪዎች የሚሰጠውን ፍሬ ነገር ማመልከት ነው። ዘመኖቹ የተጠቀሱት በኤውሮጳ አቆጣጠር ነው።

ባቡሩና ትምህርት ቤቱ

ፈረንሣይኛ ወደ ኢትዮጵያ የገባው በተለይ በሁለት በሮች ነው። አንደኛው የጅቡቲ ምድር ባቡር ነው። ሐዲዱ በ1902 ድሬዳዋ፣ በ1917 አዲስ አበባ ሲደርስ የኩባንያው የሥራ ቋንቋ ፈረንሣይኛ ነበር። ሁለተኛው ትምህርት ቤት ነው። በ1908 በተከፈተው በዳግማዊ ምኒልክ ትምህርት ቤትና በ1925 በተመረቀው በተፈሪ መኰንን ትምህርት ቤት ፈረንሣይኛ ሰፊ ቦታ ተሰጥቶት ነበር። በ1907 በአዲስ አበባ የተቋቋመው አሊያንስ ፍራንሴዝም ቋንቋውን ከመደበኛው ትምህርት ቤት ውጭ ማስተማር ጀመረ።

ሕዝቡ ደግሞ ያለ መምህር ከሥራው ቃላት ወሰደ። የአዲስ አበባን ባቡር ጣቢያ «ለገሃር» ያሰኘው ላ ጋር የሚለው የፈረንሣይኛ ስያሜ ነው፤ «ሹፌር» የሚለው ቃልም ከዚያው ቋንቋ የመጣ ነው። ከጉራጌ አገር ለሥራ ወደ አዲስ አበባ የወጣው ሰው ፊደል ሳይቆጥር እነዚህን ቃላት ከአማርኛው ጋር አብሮ ለመዳቸው።

ከ1941 በኋላ እንግሊዝኛ በመንግሥት ትምህርት ቤቶች የፈረንሣይኛን ቦታ ያዘ። በ1947 እንደተከፈተው እንደ ሊሴ ገብረ ማርያም ካሉ ጥቂት ትምህርት ቤቶች በስተቀር ፈረንሣይኛ የብዙኃኑ ተማሪ ቋንቋ መሆኑ ቀረ። ሆኖም አንድ ሌላ መድረክ ጠበቀው፤ ይኸውም ስፖርት ነው።

ማንም ያላቀደው ጥቅም

ዓለም አቀፉ የኦሎምፒክ ኮሚቴ በ1894 በፒየር ደ ኩበርተን አነሳሽነት የተቋቋመው በፓሪስ ነው። ፊፋም በ1904 የተመሠረተው በዚያችው ከተማ ሲሆን፣ ስሙ የፈረንሣይኛ መጠሪያው ምኅጻረ ቃል ነው። በመሆኑም ኢትዮጵያ ወደ ዓለም አቀፍ ስፖርት ስትገባ ከዚህ ቋንቋ ጋር መገናኘቷ የማይቀር ነበር።

ለዚህ ዋነኛው አብነት አቶ ይድነቃቸው ተሰማ ናቸው። በ1921 በጅማ ተወልደው በተፈሪ መኰንን ትምህርት ቤት ተማሩ፤ ለቅዱስ ጊዮርጊስ ቡድን ለብዙ ዓመታት ተጫወቱ። በ1957 የአፍሪካ እግር ኳስ ኮንፌዴሬሽን በካርቱም ሲቋቋም ከመሥራቾቹ አንዱ ሆኑ። ደቡብ አፍሪካ ነጭና ጥቁር የተቀላቀለበት ቡድን ለመላክ ፈቃደኛ ባለመሆኗ ከመጀመሪያው የአፍሪካ ዋንጫ ውጭ ሆነች። ፈረንሣይ ታስተዳድራቸው የነበሩ 14 የአፍሪካ አገሮች በ1960 ነፃ ሲወጡ ደግሞ፣ በኮንፌዴሬሽኑ ጉባኤ ፈረንሣይኛ ከእንግሊዝኛ ጋር የሚመዛዘን ድምፅ አገኘ። ከ1972 እስከ ዕለተ ሞታቸው እስከ 1987 ኮንፌዴሬሽኑን በፕሬዚዳንትነት የመሩት አቶ ይድነቃቸው፣ አፓርታይድን በመቃወሙ ትግል ሁለቱን ወገኖች በአንድነት መያዝ ነበረባቸው።

ከዚህ ላይ ዕቅድ አውጪው ሊያስተውለው የሚገባ ቁም ነገር አለ። በዚያ ዘመን ፈረንሣይኛ ይሰጥ የነበረው በይበልጥ ለአስተርጓሚነትና ለጽሕፈት ቤት ሥራ ነበር። ቋንቋው ለአፍሪካ አንድነት የዋለው ግን የትምህርት መርሐ ግብሩ ባላሰበው ሜዳ ነው።

ከፓሪስ ጎዳና እስከ ወልቂጤ ክፍል

የ2024ቱ የፓሪስ ኦሎምፒክ ለመምህሩ የተመቸ መነሻ ይሰጣል። ታምራት ቶላ የወንዶችን ማራቶን በ2 ሰዓት ከ6 ደቂቃ ከ26 ሴኮንድ በኦሎምፒክ ክብረ ወሰን ያሸነፈው፣ ተጠባባቂ ሆኖ ሳለ በተጎዳው በሲሳይ ለማ ምትክ ተሰልፎ ነው። ሩጫው ከፓሪስ ከተማ አስተዳደር ሕንፃ ተነሥቶ በቬርሳይ በኩል ዞሮ በአንቫሊድ ተፈጸመ። መንገዱ የተመረጠው የፓሪስ ሴቶች በጥቅምት 1789 እንጀራ ፍለጋ ወደ ንጉሡ ቤተ መንግሥት ያደረጉትን ጉዞ ለማስታወስ ነበር። እንግዲህ አንድ ተማሪ የሚወደውን ሯጭ እየተከተለ ቁጥርን፣ ሰዓትን፣ አቅጣጫን፣ የአገሮችን ስም፣ በመጨረሻም የፈረንሣይን አብዮት መማር ይችላል።

ነገር ግን አንድ ከባድ ጥያቄ አለ። የጉራጌ ልጅ በቤቱ ጉራጊኛ፣ በገበያው አማርኛ፣ በትምህርት ቤቱ እንግሊዝኛ ተሸክሟል። አራተኛ ቋንቋ በሳምንታዊው የክፍለ ጊዜ ድልድል ላይ መጨመር ሸክም እንጂ ጥቅም ላይሆን ይችላል። ስለዚህ የሚበጀው ከክፍል ሰዓት ውጭ የሚሰበሰብ በፈቃደኝነት የሚገባበት ክበብ ነው። ክበቡ የትምህርት ቤቱን የእግር ኳስ ግጥሚያ ውጤት በሁለት ቋንቋ ይለጥፍ፤ በበዓል ቀን አጭር የስፖርት ዜና ለወላጆች ያንብብ፤ በ2026 በዳካር እንዲካሄድ ለተወሰነው የወጣቶች ኦሎምፒክ የተሳታፊ አገሮችን ካርታ ያዘጋጅ። የጉራጌ ሕዝብ ገንዘብ አዋጥቶ መንገድና ትምህርት ቤት የሠራ ሕዝብ ነው፤ ለጥቂት መጻሕፍትና ለአንድ ራዲዮ የሚሆን ድጋፍ ከወላጆች መጠየቅ እንግዳ ነገር አይሆንበትም።

መደምደሚያ

የስፖርት ዜና ሰዋስውን አይተካም፤ የሠለጠነ መምህርንም አይተካም። ሊያደርግ የሚችለው ለቋንቋው ሥራ መፍጠር ነው። ዕቅድ አውጪው የክበቡን ፍሬ በተመዘገቡ ተማሪዎች ቁጥር ሳይሆን፣ በዓመቱ መጨረሻ ተማሪው አንድ የውድድር ውጤት አንብቦ ለጓደኛው ማስረዳት በመቻሉ ይመዝን። ለገሃርን የሰየመው ሕዝብ መዝገበ ቃላት አልያዘም ነበር፤ ቃሉን ያስተማረው የዕለት ሥራው ነው።