ከገመድ ያዥ እስከ አሠሪ፦ በጣና ዳርቻ የከፍታ ሥራ ጥበቃ ታሪክ

ከባሕር ዳር ወደ መራዊ በሚወስደው አውራ ጎዳና ላይ የምትገኘው መሸንቲ በባሕር ዳር ከተማ አስተዳደር ሥር ከሚቆጠሩት የሳተላይት ከተሞች አንዷ ስትሆን፣ ቤቶቿ የሚሠሩት፣ ሠራተኞቹም ወደ ላይ የሚወጡት፣ በአካባቢው ገበሬ ማሳ ላይ በሚበቅል የባሕር ዛፍ አጣና ነው። የከፍታ ሥራ ሲባል ሰው ከቆመበት ወድቆ ሊጎዳ በሚችልበት በማናቸውም ስፍራ የሚከናወን ሥራ ማለት ነው። በዚህ ትርጉም ከተሄደ የከፍታ ሥራ ታሪክ የሚጀምረው ከፎቅ ሳይሆን ከሳር ክዳን ነው።

ስለ ከፍታ አደጋ ከተጻፉት ጥንታዊ ትእዛዛት አንዱ በኦሪት ዘዳግም ምዕራፍ 22 ቁጥር 8 ላይ ይገኛል፤ አዲስ ቤት የሚሠራ ሰው ከሰገነቱ ማንም እንዳይወድቅ ዙሪያውን መከታ እንዲያደርግ ያዛል፣ ይህን ሳያደርግ ቀርቶ ሰው ቢወድቅ የደሙን ዕዳ በቤቱ ላይ ያደርጋል። ትእዛዙ የታሰበው ሰው ለሚመላለስበት ጠፍጣፋ ጣሪያ ሲሆን፣ በጣና ዳርቻ ግን ጎጆውም ሆነ እንደ ዘጌዋ ኡራ ኪዳነ ምሕረት ያለው ክብ ቤተ ክርስቲያን ጣሪያው ሾጣጣ ስለሆነ መከታ የሚቆምበት ጠርዝ የለውም። ከዳኙ ማገር ረግጦ፣ ከታች የሚወረወርለትን የሳር ነዶ እየተቀበለ ወደ ጉልላቱ ይወጣ ነበር። ሥራው የሚከናወነው በደቦ፣ ማለትም ጎረቤት ያለ ደመወዝ ተሰባስቦ በሚሠራበት ልማድ በመሆኑ፣ የቤቱ ባለቤት ለእንግዶቹ ምግብና ጠላ ከማቅረብ ባለፈ እንደ አሠሪ የሚጠየቅበት የተጻፈ ግዴታ አልነበረም፤ የወደቀውን የሚያስታምመው ቤተሰቡና ጎረቤቱ ነበር።

በ17ኛው መቶ ክፍለ ዘመን በአፄ ሱስንዮስና በልጃቸው በአፄ ፋሲለደስ ዘመን የኖራና የድንጋይ ግንባታ በሐይቁ ዙሪያ ሲስፋፋ፣ ከፍታውም የአደጋው ዓይነትም ተለወጠ። በጢስ ዓባይ አቅራቢያ እስከ ዛሬ የቆመው የአላታ ድልድይ የዚያ ዘመን ሥራ ነው። ቅስት፣ ማለትም ድንጋዮቹ እርስ በርስ በመገፋፋት የሚቆሙበት ቀስት መሰል አሠራር፣ የመጨረሻው የመካከል ድንጋይ እስኪገባ ድረስ ራሱን መሸከም ስለማይችል ከሥሩ በእንጨት ይደገፋል፤ ስለዚህ ግንበኛው ከወንዙ በላይ የሚቆመው ገና ባልጸና ነገር ላይ ነው። የነገሥታቱ ዜና መዋዕሎች አሠሪውን ንጉሥ እንጂ በዚያ እንጨት ላይ የቆመውን ሰው መመዝገብ ልማዳቸው አልነበረም።

ከዚያ ወደ ታች ዓባይን ተከትሎ ጎጃምን ከጎንደር የሚያገናኘው፣ በፋሲለደስ ዘመን እንደተሠራ የሚነገርለት ድልድይ ግን ለከፍታ ጥበቃ ታሪክ የበለጠ ምስክር ነው። በጣሊያን ወረራ ዘመን የመካከሉ ቅስት ስለፈረሰ ሰባራ ድልድይ የሚል ስም ወጣለት፤ ከዚያም በኋላ ከ60 ዓመት በላይ መንገደኛ በገመድ እየታሰረ፣ በሁለቱ ወገን በቆሙ ሰዎች ጉተታ ክፍተቱን ይሻገር ነበር። በዚህ አሠራር አንዱ ወገን ሲስብ ሌላው መጥኖ መልቀቅ አለበት፤ ገመዱ ከላላ ተሻጋሪው ይወዛወዛል፣ ከከረረም መሄድ አይችልም። ደኅንነቱ ያለው እንግዲህ በገመዱ ጥንካሬ ብቻ ሳይሆን በያዦቹ መግባባት ላይ ነው። የዛሬው የሙያ ደኅንነት ትምህርት የውድቀት መግቻ ብሎ የሚያስተምረውን ነገር እነዚህ ሰዎች ያለ መመሪያ ይሠሩት ነበር፤ ይህ ግን ልማዱን ለማወደስ በቂ ምክንያት አይደለም፣ ምክንያቱም ድልድዩ ቢጠገን ኖሮ ገመዱ ራሱ ባላስፈለገ። የገመዱን መሻገሪያ ፎቶግራፍ በመጽሔት ያዩት አሜሪካዊው ኬን ፍራንትዝ ባቋቋሙት ድርጅት አማካኝነት ክፍተቱ እ.ኤ.አ. በ2002 ተደፈነ፤ በ2005 ጎርፍ ጥገናውን ሲወስደው በ2009 የእግረኛ ተንጠልጣይ ድልድይ ተሠራ።

ደመወዝተኛ የግንባታ ሠራተኛ በባሕር ዳር በርከት ብሎ የታየው በ1950ዎቹ፣ የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካው፣ ፖሊቴክኒኩና የጢስ ዓባይ ኃይል ማመንጫ ሲታነጹ ነው። ሕጉም የተከተለው ደመወዙን ነው። የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ አሠሪው የሠራተኛውን ሕይወትና ጤና እንዲጠብቅ ሲያስገድድ፣ ከ1956ቱ አዋጅ ቁጥር 210 ጀምሮ በየሥርዓቱ የወጡት የሠራተኛ አዋጆች ግዴታውን እያሰፉ መጡ፤ ኢትዮጵያም የሙያ ደኅንነትና ጤንነትን የሚመለከተውን የዓለም ሥራ ድርጅት ስምምነት ቁጥር 155 በ1983 ተቀበለች። ዛሬ የሚሠራበት አዋጅ ቁጥር 1156/2011 አሠሪው መከላከያ መሣሪያ እንዲያቀርብ፣ ስለ አደጋውም ሠራተኛውን እንዲያስገነዝብ ያዛል፤ ሠራተኛው በሥራ ላይ ሲጎዳ ደግሞ፣ ሆን ብሎ ራሱን ካልጎዳ በቀር፣ አሠሪው ጥፋት ባይኖርበትም ኃላፊ ይሆናል።

የሕንፃ አዋጅ ቁጥር 624/2001 በበኩሉ ግንባታዎችን በሦስት ምድብ ከፍሎ ከ12 ሜትር በላይ የሚረዝመውን ከከባዱ ምድብ አስገብቷል። ክፍፍሉ ለመዋቅር ጥንካሬ ተገቢ ቢሆንም ለሠራተኛው ብዙ አይነግረውም፤ ከ3 ሜትር የወደቀ ሰው ሊሞት ይችላልና። እንግሊዝ እ.ኤ.አ. በ2005 ባወጣችው ደንብ ቀድሞ የነበረውን የ2 ሜትር መነሻ ትታ፣ ወድቆ መጎዳት የሚቻልበትን ከፍታ ሁሉ በጥበቃ ሥር ያደረገችውም በዚሁ ምክንያት ነው። መሸንቲን በመሰለች ከተማ፣ ቤቱ በአመዛኙ ባለ አንድ ወለል፣ ስካፎልዲንጉም በምስማርና በሽቦ የተያያዘ አጣና በሆነበት፣ አደጋው ያለው በዚህ ዝቅተኛ ከፍታ ላይ ነው። አጣናው በርካሽ ይገኛል፣ በቀላሉም ይቆረጣል፤ ነገር ግን ከአንድ ግንባታ ወደ ሌላው በተዘዋወረ ቁጥር ምስማሩ የገባበት ይሰነጠቃል፣ መሬት የተተከለውም ጫፍ ይበሰብሳል።

እንዲህ ያለውን ቤት ብዙውን ጊዜ የሚሠራው በኮንትራት የተዋዋለ ግንበኛ ነው። የሠራተኛ አዋጁ በራሱ የሙያ ኃላፊነት በዋጋ የሚሠራን ሰው ከሠራተኛ አይቆጥረውም፤ ስለዚህ ግንበኛው ቢወድቅ የቤቱ ባለቤት እንደ አሠሪ አይጠየቅለትም። ይኸው ግንበኛ ሲሚንቶ አቀባይና ጡብ አቀባይ የቀን ሠራተኞችን በራሱ ደመወዝ ሲቀጥር ግን አሠሪ ይሆናል፤ የሴፍቲ ቤልቱና የሄልሜቱ ግዴታ፣ የጉዳት ካሳውም፣ ከእነርሱ ጋር በአንድ አጣና ላይ በሚቆመው በእርሱ ላይ ይወድቃል።